ለእኛ ገና ነው

የፍሪዘሩ ደወል መጮህ የጀመረው ሠራተኛው ገና ካፖርቱን ሳይሰቅል ነው። በላቦራቶሪው ኮሪደር መጨረሻ የቆመው ትልቁ ፍሪዘር ነበር፤ በሆዱ የዓመታት ልፋት ይዟል። እሱ ሞቀ ማለት በየብልቃጡ የተቀመጠው የአይጥ ሕዋስ ሁሉ አለቀለት፣ ድካሙንም ውሃ በላው ማለት ነው። የላቦራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰሯ ጓንታቸውን አጥልቀው ብልቃጦቹን ወደ ሌላ ፍሪዘር ማሸጋገር ጀመሩና፣ አጠገባቸው ለቆመችው ወጣት ተመራማሪ ቶሎ ብላ ጠጋኝ እንድትጠራ ነገሯት።

ተመራማሪዋ ስልኩን አነሳች። ቁጥሩን ለመምታት ግን ጣቷ እምቢ አላት። በዚህ ሕንፃ ማቀዝቀዣ ሲበላሽ የሚመጣው አንድ ሰው ነው፤ ጓደኞቹ "በረዶ" የሚሉት። ስሙ ከሙያው የወጣ ይመስላቸዋል። እሷ ግን ከጠባዩ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሰው ሲጮህበት እሱ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ይህን ሰው ሁለት ዓመት ወዳው፣ አሁን ከሸሸችው ወር ሊሆናት ነው። የሸሸችውም ፊቱን አይታ ሳይሆን በስልክ መልዕክት ነው። ከእንግዲህ ባንገናኝ ይሻላል፣ ምክንያቱን አትጠይቀኝ ብላ ጻፈችለት። ደወለ፣ አላነሳችም። ደጃፏ ድረስ መጥቶ ያንኳኳ ቀን አልጋዋ ጠርዝ ላይ ትንፋሿን ውጣ ተቀምጣ፣ እግሩ ደረጃውን እየቆጠረ ሲወርድ ሰማች። ያን ቀን የወረደው እሱ ብቻ አልነበረም፤ የሷም ልብ አብሮት ወረደ።

አሁን ግን ፍሪዘሩ ይጮሃል። ደወለች።

የሰፈሯ ሰው "የአይጥ ሐኪም" ይላታል። አንዳንዷ ጎረቤት መንገድ ላይ አስቁማ፣ እባክሽ ለእኛ ቤቶቹም አንድ መላ በይን ትላታለች፤ መላ የምትለው መርዝ ነው። አገር ምድሩ ወጥመድ የሚያጠምድባትን ፍጥረት እሷ ታጎርሳለች፣ ታስተኛለች፣ ትመዝናለች፤ ይህን ለማንም ማስረዳት ከባድ ነው። ለበረዶ ግን አልከበዳትም። መጀመሪያ የተያዩት እዚሁ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣውን ሊያይ መጥቶ ጎጆዎቹን ሲመለከት፣ ምን ብታበሏቸው ነው እንዲህ የደላቸው ብሎ ጠየቃት። እሷም ሥራዋን ከሥር ከመሠረቱ ነገረችው።

አንዲት እንስት አጥቢ፣ ላምም ትሁን አይጥ ወይም ሰው፣ ለዕድሜዋ የሚያገለግላትን እንቁላል ሁሉ ይዛ ትወለዳለች፤ ከዚያ በኋላ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም፤ ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ይህ ነው። ፕሮፌሰሯና ተማሪዎቻቸው ግን ይህን የሚጠራጠሩ ሰዎች ነበሩ። ባደገች አይጥ የእንቁላል እጢ ውስጥ፣ ገና ምን እንደሚሆኑ ያልለየላቸው፣ ግንደ ሕዋስ የሚባሉ ጥቂት ሕዋሳት አሉ፤ እነሱም አዲስ እንቁላል መሆን ይችሉ ይሆናል ይላሉ። ለማረጋገጥ ሕዋሳቱን አውጥተው አረንጓዴ ብርሃን እንዲሰጡ ምልክት ያደርጉባቸዋል፣ በሌላ አይጥ እጢ ውስጥ ያስገቧቸዋል፣ ከዚያ በማይክሮስኮፕ እያዩ የሚያበራ እንቁላል ይጠብቃሉ። ከብዙ መጠበቅ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ታየ። እንደ አተር ክብ ሆኖ፣ በጨለማው መካከል አረንጓዴ ሆኖ በራ። ያን ጊዜ ተመራማሪዋ መጀመሪያ የደወለችው ለፕሮፌሰሯ አልነበረም፤ ለበረዶ ነው። "በራ" ብቻ ነበር ያለችው። እሱም ምን እንደበራ ሳይጠይቅ አብሯት ሳቀ።

ደስታው ብዙም አልሰነበተም። የወር አበባዋ ከቀረ ሰንብቶ ነበር፤ የሥራ ብዛት ነው ብላ ችላ አለችው። በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ ውጤቱን ደጋግማ ካየች በኋላ፣ የእንቁላል ክምችቷ ያለቀ ያህል መሆኑን፣ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ላለች ሴት ብዙ ባያጋጥምም እንደሚያጋጥም ነገረቻት። ለሌላ ሴት ቢሆን ቁጭ ብላ ታስረዳት ነበር። ለእሷ ማስረዳት አላስፈለገም፤ ጭካኔውም እዚያ ላይ ነበር። በአይጥ እጢ ውስጥ አዲስ እንቁላል ስትፈልግ የራሷ ጓዳ ባዶ ሲሆን አላየችም።

በዚያው ሳምንት የበረዶ እናት ቤት ተጠርታ ነበር። እናቱ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ባላቸውን በጊዜ አጥተው አንድ ልጃቸውን በስፌት መኪና ያሳደጉ። ቡና ካቀረቡላት በኋላ ከመሳቢያ አንድ የሕፃን ቀሚስ አወጡ። ከትርፍራፊ ጨርቅ የሰፉት ነው። ጨርቁ እንዳይባክን ብዬ ነው አሉ፤ ዓይናቸው ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር። በረዶ አፍሮ ሳቀ። እሷም አብራው ለመሳቅ ሞከረች። ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር ታሰላስል ነበር። ብነግረው "ግድ የለም" ይላል። ግድ የለም ካለ ደግሞ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም፤ ዕድሜ ልኩን ግድ እየሰጠው ግድ የለም እያለ ይኖራል። ይህን ከማይ እሱ ራሱ ይቅርብኝ አለች። መልዕክቱን የጻፈችለት ከዚህ በኋላ ነው።

በረዶ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ሲገባ ለሁሉም ጤና ይስጥልኝ አለ፤ ለእሷም በዚያው ድምፅ። እንደ ማንም ሰው። ያ እንደ ማንም መሆን ከስድብ በላይ አመማት። ከስቷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። ዓይናቸው አንድ ጊዜ ተገናኘ፤ ቀድማ የመለሰችው እሷ ነች። ከፍሪዘሩ ጀርባ ተንበርክኮ ሲሠራ፣ እሷ የሙቀት መቆጣጠሪያውን የምታነብ መስላ እዚያው ቆመች። ፕሮፌሰሯ ብልቃጣቸውን ጨርሰው ወጡ። በረዶ የተቃጠለውን ክፍል ቀይሮ፣ ጋዙን ሞልቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሣ።

"እስከ ማታ ይበርዳል፤ ግን ዛሬ መሥራቱ ብቻ አይታመንም፤ መጥቼ አየዋለሁ" አለ።

"እናመሰግናለን" አለችው። ከአፏ ሲወጣ ራሷን ጠላች። ከመቼ ወዲህ ነው ለእሱ በመሥሪያ ቤት ስም የምትናገረው?

ሳጥኑን ቆልፎ ከያዘ በኋላ አልሄደም። "አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "አባትሽ ናቸው?"

አባቷ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በረዶን አልከለከሏትም። አንዴ ብቻ፣ ራት በልቶ ከወጣ በኋላ፣ "ጨዋ ልጅ ነው፤ ግን ከሱ ጋር ምን ታወራላችሁ?" ብለው ነበር። ያቺ ቃል በሷ በኩል ሳይሆን በሌላ ሰው አፍ ዞራ እሱ ጋ ደርሳ፣ እንደ እሾህ እግሩ ውስጥ ቀርታለች። አሁን "አይደሉም" ብትለው "ታዲያ ምንድን ነው?" ይላታል። መልሱ ደግሞ ምላሷ ላይ ተቀምጧል። ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ አዎ ቆጠረው። አንገቱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም፤ የረዥም ጊዜ ጥርጣሬው እውነት እንደሆነለት ሰው ብቻ ሆነ። በኮሪደሩ ሲርቅ ጀርባውን እያየች፣ የሰውን ልብ ሁለቴ መስበር እንደሚቻል ያን ጊዜ አወቀች።

በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ አባቷ ቤት ስትደርስ፣ አባቷን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሳሎን ተቀምጠው አገኘቻቸው። እናቷ ካረፉ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከሳቸውና ከመጽሐፋቸው በቀር ማንም የለም፤ ለዚህ ነው በየጊዜው ጎራ የምትለው። ፊት ለፊታቸው ሁለት ብርጭቆ ሻይ ነበር። አንዱ ተጠጥቷል፣ አንዱ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

"እንግዳ ነበረኝ" አሉ አባቷ። "በረዶ የምትሉት ልጅ።"

 አባቷ እንደ ችሎት ልማዳቸው ነገሩን ከመጀመሪያው አስከትለው ነገሯት። ልጁ ከቀትር በኋላ መጥቶ፣ ቂም እንዳልያዘባቸው ሊነግራቸው እንደመጣ ገለጸላቸው። አባት ለልጁ የሚሻላትን ቢያስብ አይፈረድበትም፤ እሷንም ደግሞ አይውቀሷት፤ በኔ የተነሣ ከእርስዎ እንዳትቃቃር ብሎ ለመናቸው። ዳኛው መጀመሪያ ምን እያወራ እንደሆነ አልገባቸውም። ሲገባቸው እሳቸው አለመከልከላቸውን ሊነግሩት ፈለጉ። ነገር ግን ልጃቸው ያላለችውን ከመናገር መጀመሪያ እሷን መስማት ይሻላል ብለው ዋጡት። ከዚያም ከልጁ ጋር ብዙ ተቀመጡ። ጨዋታው የጀመረው ውሃ ከሚያንጠባጥበው ፍሪጃቸው ነው፤ ከዚያ ስለ እናቱ፣ ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ሙግትና ስለ ፍትሕ እያሉ ሄዱ።

"ምን ታወራላችሁ ብዬሽ ነበር" አሉ። "ዛሬ ገባኝ። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ አላወቅሁም።" ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በቀጥታ አዩዋት። "ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ። በኔ ስም ሌላ ሰው ሲፈርድ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።"

እዚያ ላይ ወር ሙሉ የያዘችው ነገር አፈተለከ። ሐኪሟ ያለችውን፣ የሕፃኑን ቀሚስ፣ መልዕክቱን፣ ዛሬ ጠዋት ዝም ያለችውን ዝምታ፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አባቷ መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ሁሉ ዳበሱ፤ አላገኙም፤ በመጨረሻ የጠረጴዛውን ልብስ ጫፍ አቀበሏት። "ስለ እንቁላል እኔ የማውቀው የቁርሱን ብቻ ነው" አሉ። በዕንባዋ መሐል ሳቀች፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

"ግድ የለም ይላል ብለሽ ፈራሽ" አሉ ቆየት ብለው። "ይል ይሆናል። ላይልም ይችላል። አንቺ ግን ልጁን ሳትሰሚው ፈርደሽበታል። ብዙ ተሳስቼ ይሆናል ልጄ፤ ተከሳሽ ሳይሰማ ግን አልፈረድኩም።"

የምርምር ማዕከሉ ለጎብኚ ክፍት የሚሆንበት ቀን እየደረሰ ነበርና፣ እሱ እንዳለፈ በዚያው ምሽት ለበረዶ እንደምትነግረው ለአባቷ ቃል ገባች። ስትወጣ በር ላይ ቆመው እስክትርቅ አዩዋት። ከብዙ ሌሊት በኋላ ያን ቀን እንቅልፍ ወሰዳት፤ ፍርሃቷ አልለቀቃትም፤ ምስጢሩን ለብቻዋ ከመሸከም ግን ተገላግላለች።

የጉብኝቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎች፣ ጡረተኞች፣ አይጥ ለማየት የመጡ ልጆችና እነሱን የተከተሉ እናቶች በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ተደርድረዋል። ተመራማሪዋ መድረክ ላይ ወጥታ ማይክሮፎኑን ስታስተካክል፣ ከፊተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ሊያመልጣቸው የደረሰ አውቶቡስ እንደሚያስቆም ሰው እጃቸውን ከፍ አድርገው አውለበለቡላት። የበረዶ እናት ናቸው። ራሳቸው የሰፉትን ጥቁር ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል። ከወር በፊት፣ ነገሩ ሁሉ ደህና በነበረ ጊዜ፣ እንዲመጡ የጠራቻቸው እሷው ነች። አጠገባቸው በረዶ ተቀምጧል፤ ወለሉን ያያል። ወዲያው ገባት፤ ለእናቱ አልነገራቸውም። ሊነግራቸው አልቻለም። እናቱ የልጃቸው ወዳጅ ስትናገር ሊሰሙ በኩራት መጥተዋል።

እንዴት እንደጀመረች አታውቅም፤ ግን ጀመረች፤ ሥራዋን ስለምትወድ ሥራው ራሱ ተሸከማት። ስለ እንቁላል እጢው፣ ስለ ግንደ ሕዋሳቱ፣ ስለ አረንጓዴዋ ነጥብ ተናገረች። ፎቶግራፉ ግድግዳው ላይ ሲበራ አዳራሹ በአንድ ትንፋሽ "አቤት!" አለ። ልጆቹ አይጦቹ ይነክሱ እንደሆነ፣ ማታ ሕልም ያዩ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ የበረዶ እናት እጃቸውን አነሡ።

"ልጄ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ጥያቄዬ ቢያስቅም ታገሺኝ" አሉ ተነሥተው። "ታናሽ እህት አለችኝ። ትዳር በያዘች በጥቂት ዓመት አልወለደችም ተብላ ሻንጣዋን ይዛ ተመለሰች። ያጠፋችው ነገር አልነበረም። ይሄ የምትይው ነገር ያኔ ቢኖር ይጠቅማት ነበር ወይ? ዛሬስ እንደሷ ላሉት ይሆናል?"

በረዶ የእናቱን እጅ ይዞ ሊያስቀምጣቸው ሞከረ።  ተመራማሪዋ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነበራት፤ ፕሮፌሰሯ ለሁሉም አስጠንተዋቸዋል።

"ጥያቄዎ አያስቅም፣ እማማ" አለች። "እኛ ያየነው በአይጥ ነው። በሰውም እንዲህ ያሉ ሕዋሳት አሉ የሚሉ ሊቃውንት አሉ፤ የሉም የሚሉም አሉ፤ ክርክሩ አላለቀም። አንድ ቀን እውነቱ ይገኛል ብዬ አምናለሁ፤ ባላምን በየጠዋቱ እዚህ አልመጣም ነበር። ግን እዚህ ቆሜ አንዲትንም ሴት ይደርስልሻል ብዬ አላታልልም። ምናልባት ዛሬ ለሚወለዱት ይደርሳል።" ማይክሮፎኑን ወደ አፏ ጠጋ አደረገችው። "ለእኛ ገና ነው።"

"ለእነሱ" ልትል ነበር። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሰማችው። ከአዳራሹ ሰው ማንም ልብ አላለውም፤ አንዱ ልጅ ወንበር እያንቀጫቀጨ ነበር። በፊተኛው ረድፍ ግን ሁለት ሰዎች ሰምተዋል። እናቱ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቀስ ብለው ተቀመጡ። በረዶ ደግሞ ከወለሉ ላይ ዓይኑን አነሣ። ወር ሙሉ የጠፋበት ነገር ሁሉ፣ መልዕክቱ፣ የተዘጋው በር፣ በፍሪዘሩ ፊት የነበረው ዝምታ፣ በዚያች አንዲት ቃል ቦታ ቦታውን ሲይዝ ፊቱ ላይ አየችው። ዓይኗን ልትመልስ ፈለገች፤ አሁን ግን አቅም አጣች።

ፕሮፌሰሯ ሁኔታዋን አይተው መድረኩን ተቀበሏት። እሷ በጎን በር ወጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች፤ ፍሪዘሮቹ ብቻቸውን ከሚያጉረመርሙበት ጥግ ደርሳ ግድግዳ ተደገፈች። ብዙ ሳይቆይ እግሩን ሰማች።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አላት።

"መልዕክቱን ከመጻፌ በፊት። አባቴ የሉበትም፤ ዝም ያልኩህ እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ልነግርህ ነበር።"

ከፊት ለፊቷ ያለውን ግድግዳ ተደገፈ።  "ግድ የለም" የምትለውን ቃል ጠበቀች፤ ለመቃወም የምትለውንም አዘጋጅታ ነበር።

"ግድ የለም አልልሽም" አለ። "ልጅ እንደምወድ ታውቂያለሽ። ያንቺን ዓይን የወረሰች ልጅ በሐሳቤ ስንቴ ትምህርት ቤት አድርሻለሁ። ያቺ ልጅ ላትመጣ ትችላለች ማለት ነው። ያማል። ዛሬ አሞኛል፣ ነገም ያመኛል።" ድምፁ ይበልጥ ዝቅ አለ። "ግን ሰው ሐዘን ሲገባበት ብቻውን አይቀመጥም። ያ ሐዘን የኔም ነበር። አንቺ ሁሉንም ለብቻሽ ወስደሽ በሩን ዘጋሽብኝ። ድርሻዬን ለምን ከለከልሽኝ?"

ይህን አላሰበችውም። ለማጽናናቱም ለቁጣውም ተዘጋጅታ ነበር፤ ለዚህ ግን አልነበረም። "እንዳላስርህ ብዬ ነው" አለች ዕንባዋ እየወረደ።

"የታሰርኩትማ ድሮ ነው። 'በራ' ብለሽ የደወልሽልኝ ቀን ጣራ ላይ ቆሜ ማቀዝቀዣ እየፈታሁ ነበር። ምን እንደበራ አላወቅሁም። የማውቀው መጀመሪያ የደወልሽው ለኔ እንደሆነ ብቻ ነው። መፍቻዬ ከእጄ ወድቆ ታች ያለ ሰው ሊገድልብኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው ከዚች ሴት ጋር ነው የማረጀው ያልኩት። ልጅ ትወልድልኛለች ብዬ አይደለም።"

"ነገስ? ከአሥር ዓመት በኋላ ቢቆጭህስ?"

በረዶ ፍሪዘሩን አየ፣ እሷን አየ። "ለዚህ ፍሪዘር እንኳን የሰጠሁት የስድስት ወር ዋስትና ነው" አለ። "ለራሴ የምሰጠው ከዚያ ይረዝማል። ሲቆጨኝ እነግርሻለሁ፤ ሲቆጭሽ ትነግሪኛለሽ። ልጅ የሚመጣበት ሌላ መንገድም አለ፤ የደረስን ቀን እንነጋገርበታለን። በሩን ብቻ አትዝጊብኝ።"

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ሳታውቀው ደረቱ ላይ ተደፋች። የልብሱ የቅባትና የሳሙና ሽታ ናፍቋት እንደነበር እስከዚያች ደቂቃ ለራሷም አልነገረችውም።

የእናቱ ጫማ ድምፅ ሲሰማ ሁለቱም ተላቀቁ። እናቱ ልጃቸውን ወደ ውጭ እንዲወጣ በአገጫቸው አመለከቱት። ሲርቅ የተመራማሪዋን ሁለት እጆች ያዙ። የሕፃኑ ቀሚስ ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች፤ እሳቸው ግን አገጯን ቀና አደረጉት።

"አልዋሽሽም ልጄ፣ የልጅ ልጅ እፈልጋለሁ። ቤቴ ስገባ አለቅስ ይሆናል። ልቅሶዬን ግን አንቺ ላይ አላመጣም" አሉ። "እህቴ የተመለሰች ቀን በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ። ሻንጣዋን ስቀበላት ያየሁትን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቅድም እዚያ ላይ ቆመሽ ሳይሽ ያንኑ ፊት አየሁት። ይሄን ልጄንስ ማን አሳደገው? እኔ መኪናዬ ላይ ተደፍቼ ስውል ያጠበችው፣ ያበላችው፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችው እሷ ናት። ያልወለደች ተብላ የተባረረችዋ።" እጇን ጠበቅ አደረጉት። "ከኔ ቤት በዚህ ምክንያት ሻንጣ ይዛ የምትወጣ ሴት የለችም።"

"እማማ" ብቻ አለች።  እናቷ ካረፉ ወዲህ ማንም እንዲህ አድርጎ ፊቷን በእጁ ጠርጎላት አያውቅም ነበር።

ከሕንፃው ሲወጡ አባቷ ከአሮጌ መኪናቸው አጠገብ ቆመው ጠበቋቸው። ጉብኝቱ ካለቀ በኋላ ልወስድሽ ብለው ነው የመጡት፤ እውነቱ ግን የፍርዱን ውጤት ለመስማት ቸኩለው ነበር። ሦስቱን አንድ ላይ ሲያዩ ውጤቱ ገባቸው። ኮፍያቸውን አንሥተው ለልብስ ሰፊዋ እጅ ነሡና የፊተኛውን በር ከፈቱላቸው። እናቱ ከኋላ ይበቃኛል ብለው ተግደረደሩ። ዳኛው ይግባኝ አልሰማም አሉ። መኪናው እንደተንቀሳቀሰ እናቱ የዳኛውን ካፖርት ገበር ተቀድዶ ተንጠልጥሎ አይተው፣ እንዲህ ለብሰው እንዴት ሰው ፊት ይወጣሉ ብለው ተቆጧቸው። ዳኛው ማንም ልብ አይለውም ብለው ተከራከሩ። ክርክሩን የተሸነፉት ገና የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ነገ ካፖርቱን ይዘው ወደ ልብስ ሰፊዋ ሱቅ እንዲመጡ ተፈረደባቸው።

ከኋላ ተመራማሪዋና በረዶ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቦርሳቸውን እያወዛወዙ አስፋልቱን ሲያቋርጡ መኪናው ቆመላቸው። ሁለቱም አዩ። ልቧ ላይ አንድ ነገር ሲጠቀጥቃት ወዲያው ወደሱ ዞረች፤ እሱም ወደሷ ዞሮ ነበር። ያየችውን እንዳየ፣ ያመማትም እንዳመመው ከፊቱ አነበበች።  ነገ ጠዋት ማይክሮስኮፗ ላይ ትቀመጣለች፤ ስሟን ለማታውቃት፣ ምናልባት ገና ላልተወለደች ሴት፣ ያቺን አረንጓዴ ነጥብ ትፈልጋለች። እስከ ትናንት ይህ ሐሳብ ይመርራት ነበር። ልጆቹ ተሻግረው ጨርሰው መኪናው ሲቀጥል፣ ሐሳቡን መልሳ ቀመሰችው። ምሬቱ ከውስጡ ቢጠፋ ገረማት፤ ፈራ ተባ እያለ ደስታ የሚመስል ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር።